ባሕር ዛፍ ያልነው ዛፍ

ባለቤቴ በጤናው ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በግቢያችን የበቀለውን ዛፍ ከእንጨት ጋር ማሰር ነበር። ዓርብ ዕለት፣ ከሥራ ሲመለስ ነው። እሱ ግንዱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆመ፤ እኔ ከአሮጌ ነጠላ በቀደድሁት ጨርቅ ሦስት ቦታ ላይ አሰርሁት። «ጠበቅ አድርጊው፤ የአዳማ ነፋስ የቆመ ነገር አይወድም» አለኝ። ጠበቅ አደረግሁት። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሽሮው ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደርሷል አልሁት። ገብተን በላን። ደግ ነገር ተናግሬው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ እጽፈው ነበር። አልተናገርሁትም። ስለዚሁ ዛፍ ተኳርፈን ነበር የሰነበትነው።

እኔ ያን ዛፍ ከመጀመሪያውም አልወደድሁትም። ማንም አልተከለውም። በመጋቢት፣ ልብስ አጥቤ እጣቢውን ከምደፋበት ከቤቱ ጀርባ ሁለት ቅጠል አውጥቶ አየሁት። በሰኔ ጉልበቴ ላይ ደረሰ፤ በመስከረም ቁመቴን አለፈ። ቦታው ጎመን ልዘራበት ያሰብሁት ነበር። አዳማ ላይ እርጥብ መሬት እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ያችኑ በእጣቢ ያራስኋትን ቁራጭ መሬት ወሰደብኝ። ገና ለጋ ሳለ ልነቅለው ጎንበስ ስል ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

ባለቤቴ የባቡር ሐዲድ ተመልካች ነበር። በየማለዳው ረጅም መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከጣቢያው ወደ ሞጆ የሚወስደውን መስመር በእግሩ ይሄዳል፤ የላላውን ብሎን ያጠብቃል፣ ጎርፍ የሸረሸረውን ጠጠር ይመልሳል፣ ሐዲድ ላይ የተኛ ከብት ያባርራል። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ነው። አዳማ ያን ጊዜ ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ገበያውና እንደኛ ያሉ የጭቃ ቤቶች ብቻ ነበረች። እኛ ለአገሩ እንግዶች ነን። እሱ የቡልጋ ሰው ነው፤ እኔ የአዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ሥር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ወንድ ልጅ አልወለዱምና ዳዊቱን እኔን አስደገሙኝ። ብዕር መያዝም ከእሳቸው ነው የተማርሁት።

ባለቤቴ ዛፉ አይነቀልም ያለበትን ምክንያት ልናገር። መስመሩን ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ባሕር ዛፍ በተተከለበት ሰፈር ንዳድ አይገባም ብሎ ሲናገር ሰምቶ ኖሯል፤ የተረጎመለት የጣቢያው ጸሐፊ ነው። አዳማ ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሰው በንዳድ ትኩሳት የሚወድቅባት አገር ናት። የመሐንዲሱን ቃል ይዞ ቤት በገባ በሳምንቱ ያን ቡቃያ አየ። ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል፣ ከሰማያዊ ወደ አመድማ የሚያደላ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝም ከሩቅ ሲያዩት እንደዚያው ነው። ለእሱ ይኸው በቃው። ሳንለምነው ራሱ መጣልን አለ።

እኔ ግን በባሕር ዛፍ መካከል ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ ቅጠሉን ጠርጌ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ አንድጄ አውቀዋለሁ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የዚህ ቅጠል ረጅም እግር አለው፤ አንድ በወዲህ አንድ በወዲያ ነው የሚወጣው። የዚያ ለጋ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፤ የዚህ ድቡልቡል። ከሁሉ በላይ ይህኛው ምንም አይሸትም። ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ አፍንጫው ሥር አቀረብሁለት።

«ምን ይሸታል?» አልሁት።

«ቆላ ነው እኮ። ሽታውን ፀሐይ ይወስደዋል» አለኝ። «አንቺስ ብትሆኚ አዲስ አበባ የነበረሽ ሽታ አሁን አለሽ?»

ሦስት ጊዜ ተከራከርን። በሦስተኛው፣ ከእኔ ይልቅ ጎመን ትወጃለሽ ብሎ ጀመረውና እየሳቀ ሳለ መሃል ላይ ተቆጣ። እኔም ደከመኝ። ይሁንልህ፣ ባሕር ዛፍ ይሁንልህ አልሁት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ባሕር ዛፍ ነው እል ጀመር። አለመሆኑን እያወቅሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያች «ይሁንልህ» ስል ነው።

ዛፉን ባሰርን በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ብርድ ብርድ አለው። ከጣቢያው የተሰጠውን መራራ ኪኒን ዋጠ። ሰኞና ማክሰኞ ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ነበር፤ ረቡዕ ብሶ ተመለሰ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዛፋችን ቅጠል ቀቅለሽ አጥኚኝ አለኝ። እኛ አገር ጉንፋንም ትኩሳትም የያዘውን ሰው በባሕር ዛፍ ቅጠል ማጠን የተለመደ ነው፤ ቅጠሉን አፍልተን፣ በሽተኛውን ከነማሰሮው በጋቢ ሸፍነን እንፋሎቱን እንዲስብ እናደርጋለን።

«ይህ ቅጠል እኮ…» ብዬ ጀመርሁ።

«አሁንም ልትከራከሪኝ ነው?» አለኝ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር።

ሄጄ ቀነጠብሁ። አንድ ማሰሮ ሙሉ አፈላሁና አጠንሁት። አላበው፤ ጋደም አለ። ማሰሮውን ከአልጋው አጠገብ ትቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ማሰሮው ጎድሏል። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ጣት ያህል። ውሃ ጠምቶት ጠጥቶት ይሁን፣ እንፋሎት ሆኖ ሄዶ ይሁን አላወቅሁም። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። የቀረውን አውጥቼ ደፋሁት።

ዓርብ አጥሚት ቀመሰ። ቅዳሜ ስለመዶሻው አወራ፤ እጀታው ላልቷልና ለጣቢያው ሰዎች እንድነግራቸው አዘዘኝ። እሑድ ሲነጋ ሞተ።

ወንድሙ ለቀብር አልደረሰም። የመጣው በአርባው ነው። የባለቤቴ ታላቅ ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም። በቅሎውን ከዚያው ዛፍ ጋር አሰራት። በቅሎዋ ረጅም መንገድ የመጣች፣ የተራበች ናት፤ ከፊቷ የወደቀውን የደረቀ ሣር ለቀመች፤ አፏ ላይ የተንጠለጠለውን ለምለም ቅጠል ግን አልነካችውም። ወንድምየው ይህን ቆሞ አየ።

«ምን ዛፍ ነው ይህ?» አለኝ።

«ባሕር ዛፍ» አልሁ። አፌ ለምዶታል።

አንድ ቅጠል ቀንጥሶ አሸተተ። «ይህ ባሕር ዛፍ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ» አለ። ለተዝካሩ የመጡት እንግዶች ሳቁ። ጳጳስ ሆይ ይባርኩን ያለም አለ።

በዚያ ሳቅ መካከል ወተት የሚያመጡልኝ ጎረቤቴ ለእኔ ማዘናቸው ነበርና ተናገሩ። የአገሩ ተወላጅ፣ ኦሮሞ ባልቴት ናቸው። ክፋት አልነበራቸውም። ይህች ልጅ ባሏን ለማዳን ያላደረገችው ነገር የለም፣ ከዚሁ ዛፍ ቅጠል ቀቅላ በገዛ እጇ አጥናዋለች አሉ።

ሳቁ ቆመ። ወንድምየው ቅጠሉን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ስሙን በማታውቂው ቅጠል ነው ወንድሜን ያጠንሽው?»

መጥረቢያ ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እዚያው ፊታቸው ቆርጬ ልጥለው ነበር ያሰብሁት። መጥረቢያውን ይዤ ስወጣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «በንግሥት አምላክ» አለ። «ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይህን ዛፍ ማንም እንዳይቆርጠው።»

ያን ጊዜ ንግሥቲቱ በሕይወት ነበሩ። በንግሥት አምላክ የተባለ ነገር ዳኛ ወይም ሽማግሌ እስኪያየው ካለበት አይነካም፤ ከተባለ በኋላ የነካው ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የተናገረ ያህል ነው። መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖርሁት። ወጡን አቀረብሁ። እንግዶቹ ሁሉ ወጡን አይተው እኔን አዩኝ፤ ብዙዎቹ ጾም ነኝ አሉ። ጾም አልነበረም።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀመጡልን። አንጋፋው የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን የሚያሹ ሰው። ወንድምየው ያመለከተው ግልጽ ነው፤ ወንድሜን በመርዝ ቅጠል ገድላዋለች፣ ቤቱን ለቃ አዲስ አበባ ዳኛ ፊት ትቅረብ ነው። እኔ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ያልነገርሁት የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ቤቱን ቢወስደው ይውሰደው። ገድዬው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ዛፉን ሊያዩ መጡ። አንደኛው የጉሎ ዘመድ ነው አሉ። ሁለተኛው፣ ጉሎማ ቅጠሉ ጣት አለው፣ ይህ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈስሰው ጦቢያ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው አሉና ወተቱን ሊያሳዩ ቅጠል ቢቆርጡ ጠብ የሚል ነገር አጡ። ሁለቱ እዚያው ስለጉሎ ሊጣሉ ደረሱ። አንጋፋው ጢማቸውን አሽተው፣ ዛፍ በቅጠሉ ቢዋሽ በአበባው አይዋሽምና አበባ እስኪያወጣ ይቆይ፤ እስከዚያው እንዳይቆረጥ፣ እርሷንም ማንም እንዳይነካት ብለው ፈረዱ። ወንድምየው ግንቦት ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ከዛፉ ጋር ብቻችንን ቀረን። ጠብታ ውሃ አልሰጠሁትም። ልብስ ማጠቢያዬንም ወደ ሌላ ጥግ አዛወርሁ። ምንም አልመሰለው። በጥር የቤቱን ክዳን ደረሰ፤ በየካቲት ከክዳኑ በላይ ቆሞ ይወዛወዝ ጀመር። ያሰርሁለትን ጨርቅ በጥሶ ጣለው። በዚያ ድርቅ ሌላው አረንጓዴ ሁሉ ከስሎ እሱ ብቻ ያንኑ አመድ የመሰለ ቅጠሉን ያበዛል። በር በከፈትሁ ቁጥር ፊቴ ይቆማል። አንድ ቀን፣ ባለቤቴ እንዲህ ቶሎ ያደገለት ነገር አልነበረም ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ ልጅ አልወለድንም ነበርና። ከዚያ አፈርሁ።

ሰውም ከዛፉ አልተሻለም። ከቤቴ እሳት የሚጭር ጠፋ። ድሮ ማለዳ ማለዳ ሦስት አራት ሴቶች ፍም ሊወስዱ የገል ስባሪ ይዘው ይመጡ ነበር፤ አሁን የእኔን በር አልፈው ከሩቅ ጎረቤት ይጭራሉ። ውሃ የጠማው መንገደኛ ወደ በሬ ሲቀርብ፣ እዚያ ቤት አትጠጣ የሚል ድምፅ ከአጥር ማዶ እሰማለሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁንም ሳገኛት ሰላም አልላትም።

ስሙን ልፈልግ ቅርንጫፍ ይዤ ዞርሁ። የተከለከለው ዛፉን መጣል እንጂ ቅጠል መቀንጠስ አይደለም። ወተት የሚያመጡልኝን ባልቴት ጠየቅሁ፤ በእሳቸው ላይም ቂም ይዤ ነበር፤ እሳቸውም አውቀውታል።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኛ የምናውቀው ዛፍ ሁሉ ፍየል የቀመሰው ነው። ይህን ፍየል አይቀምሰውም። የእኛ መሬት አይደለም ያበቀለው፤ ከእናንተ ጋር በባቡር የመጣ ነው።» ወተቱን ቀድተውልኝ ሲወጡ ደግሞ፣ «እናንተንም ፍየል አይቀምሳችሁም» አሉና ሳቁ። ከአርባው ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሰው ሲስቅ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ሶደሬ ፍል ውሃው ዳር የሚቀመጥ አንድ መድኃኒተኛ አለ ተባልሁና ከበሽተኞች ጋር ወረድሁ። ቅጠሉን ሳያገላብጥ ስም ሰጠኝ። የመንፈስ መድኃኒት ነው፣ ለመካንም ይሆናል አለኝ። አመስግኜ ሄድሁ፤ በማግሥቱ ጨርቅ ተከናንቤ መጥቼ ያንኑ ቅጠል ባሳየው ሌላ ስም ሰጠኝ፤ አሁን ደግሞ የከብት መድኃኒት ሆነ። ቅጠሉን ፊቱ ላይ ጥዬለት ተመለስሁ።

በሚያዝያ አበባ አወጣ። ቀጫጭን፣ ቢጫ፣ እንደ መለከት ረዘም ያለ ነው፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ተሰብስቦ ይንጠለጠላል። የአበባ ወፎች መጡ። ቆንጆ ነበር፤ ይህም አናደደኝ። አንድ ዘለላ ቆርጬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ባለቤቴ ይሄድበት የነበረውን መስመር ይዤ ሄድሁ። ከሞተ ወዲህ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም። ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ ባቡሩ ውሃ የሚሞላበት ትልቅ የብረት ጋን አለ። ከጋኑ ሥር፣ ውሃው ከሚንጠባጠብበት፣ ከሐዲዱ ጠጠር ውስጥ ያው ዛፍ ተሰልፎ ቆሟል። አንድ አይደለም፤ አሥር ይሆናል። ሁሉም ቢጫ አበባ አውጥቷል።

ጋኑን የሚጠብቀው ከየመን የመጣ ሽማግሌ ነበር። ባለቤቴን ያውቀዋል፤ በየቀኑ ከእሱ ዘንድ ውሃ ይጠጣ ነበር። ነጠላዬን ፈትቼ አበባውን ሳሳየው ከእጄ መትቶ ጣለው።

«ይህን ለምን ትይዣለሽ?» አለኝ። «ትምባሆ ነው። የሚጨስ አይደለም፤ የዱር ነው። ጅቡቲም አለ፣ ድሬዳዋም አለ። ባቡሩ ያመጣዋል።»

ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ መሆኑን፣ ከጠጠሩ ጋር ተጭኖ እንደሚመጣ፣ በሰው ጫማና ሱሪ ተጣብቆ እንደሚሄድ ነገረኝ። አንዱን የደረቀ ፍሬ ሰብሮ መዳፌ ላይ አራገፈልኝ፤ ጥቁር አቧራ ነው፤ ነፍቼ ባራግፈው እንኳ ከእጄ መስመር ውስጥ አልወጣ አለ። ያን የባለቤቴን ሱሪ በየሳምንቱ ያጠብሁት እኔ ነኝ። እጣቢውን ከቤት ጀርባ የደፋሁትም እኔ ነኝ። ማንም አልተከለውም ብዬ ስምል የከረምሁት ሐሰት ነበር።

ጋን ጠባቂው መርዝ መሆኑንም ነገረኝ። የጎደለውን ማሰሮ ነገር ግን አልጠየቅሁትም። ግንቦት ላይ ሽማግሌዎች ፊት መጥቶ ይህንኑ እንዲናገር ለመንሁት፤ እሺ አለ።

ወንድምየው በቀጠሮው መጣ። እንደገና ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። የውሃ ጋን ጠባቂው በእጁ የያዘውን አበባ መሬት ላይ አኖረና የዱር ትምባሆ መሆኑን፣ የበላው ከብት እንደሚሞት ተናገረ። ወንድምየው ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰማችሁ፣ የራሷ ምስክር መሰከረባት አለ። አንጋፋው ሽማግሌ ተቀመጥ አሉት። እኔን፣ ቅጠሉን አጠንሽው ወይስ አጠጣሽው ብለው ጠየቁኝ።

አጠንሁት ብዬ ዝም ብል ይበቃ ነበር። እውነትም ነው። ግን ስድስት ወር ሙሉ ይዤው የከረምሁት ነገር ነበር።

«አጠንሁት» አልሁ። «ውሃ ቀድቼ ስመለስ ግን ማሰሮው ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር። ጠጥቶት እንደሆነ አላውቅም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ወንድምየው እንኳ ይህን አልጠበቀም። እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ አልዞርሁም። ጥያቄዬን ለጋን ጠባቂው ነው ያቀረብሁት።

«ይህን የጠጣ ሰው ስንት ቀን ይቆያል?»

«ቀን?» አለኝ። «ቀን የለም። ውሃ የምታመላልስልኝ አህያ ነበረችኝ። ሌላ ሣር ጠፍቶ ጠዋት በላችው። ጉልበቷ ከዳት፤ አንገቷን ማንሣት አቃታት፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳይደርስ ሞተች። ባልሽ መቼ ነው የሞተው?»

«ያጠንሁት ሐሙስ ነው። እሑድ ሲነጋ ሞተ።»

«በመካከሉ ተናግሯል? በልቷል?»

«አጥሚት ቀምሷል። ስለመዶሻው ነግሮኛል።»

«እንግዲያው አልጠጣም» አለ። «ቢጠጣ ለእራት አይደርስም ነበር። የገደለው ንዳድ ነው።»

ወንድምየው፣ የአንድ አህያ ሞት አይቶ ስለሰው ሞት የሚፈርድ ማነው አለ። ጋን ጠባቂው ሳይቆጣ መለሰለት፤ አህያዬ ከወንድምህ ትጠነክር ነበር፣ ወንድምህን አውቀዋለሁ፣ ቀጭን ሰው ነው አለው። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ሲመለሱ አንጋፋው፣ ዛፉ ታውቋል፣ ሰውየው የሞተው በንዳድ ነው፣ ሴቲቱ ከደም ነፃ ናት፣ ዛፉም ከንግሥት አምላክ ተፈትቷል ብለው ፈረዱ። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ስሙን የማያውቁትን ቅጠል መቀቀል ግን ጥፋት ነው ብለው ጨመሩ። እኔ በዚህ ተስማማሁ። ከሦስቱ እውነቱን የፈረዱት እሳቸው ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ወንድምየው በቅሎውን ሊወስድ ወደ ግቢዬ መጣ። የባለቤቴን ጋቢ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። አልለበሰውም፤ አጥፎ ኮርቻው ላይ አሰረው። ከዚያ ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደላይ ተመለከተ።

«እኔስ ታዲያ ማንን ልክሰስ?» አለኝ።

አላዘንሁለትም። ደህና ሁኚ ሳይል ሄደ፤ እኔም ደህና ይግቡ አላልሁትም። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

በዚያው ቀን መጥረቢያውን አወጣሁ። እንደዚያ የገነነብኝ ዛፍ ውስጡ ልል ነው፤ በአምስት ምት ወደቀ። ጭሱን ፈርቼ አላነደድሁትም፤ እየጎተትሁ ጎርፉ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤት ገል ይዛ እሳት ልትጭር መጣች። ባዶ እጇን መለስኋት። በማግሥቱ ሌላዋ መጣች፤ እሷን ሰጠኋት።

ነፃ ናት መባሉ ያሰብሁትን ያህል አላቀለለኝም። አልገደልሁትም፤ ይህን አውቄ አርፌያለሁ። ግን ባሕር ዛፍ አለመሆኑን አውቄ ይሁንልህ ብዬዋለሁ፤ ከዚያም በማላምንበት ቅጠል አጥኜዋለሁ፤ ከዚያም ጠጥተሃል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ሦስቱንም ያደረግሁት ክርክር ሰልችቶኝ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ፈረንጅ ስለሌላ ዛፍ የተናገረውን ይዞ እኔን አልሰማ አለ። በዚህ እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ፤ ቂሜን ለሟች አልተውሁለትም፤ ምክንያቱም ቂሙ ከቀረ ለእኔ የሚቀር ምን አለ? ከእሱ ጋር የምነጋገረው በዚያ ብቻ ነው።

አሁንም በዚያው ቤት እኖራለሁ። ከአዲስ አበባና ከቡልጋ ለባቡር ሥራ የሚመጡ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አመድማ ቅጠል ሲያዩ ይጠሩኛል፤ ሄጄ አይቼ እነቅልላቸዋለሁ። የእኔው ግን ሥሩ አልሞተም። ጉቶው በየሳምንቱ ያቆጠቁጣል። በየቅዳሜው ጠዋት ቡቃያውን እቆርጣለሁ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ፣ እጄን በአመድ እታጠባለሁ።